ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት

በዛሬው እሑድ ከአንባብያን ጋር ልንወያይበት ያሰብነው ጉዳይ በስልክና በኢንተርኔት አማካይነት ስለሚካሄደው ንግድ፣ ይልቁንም ሥራውን ገና ስለሚጀምረው ወጣት ነው። ደመወዙ ከወሩ ቀድሞ የሚያልቅበት ወጣት ሠራተኛ፣ እንደዚሁም የኪስ ገንዘቡ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት የማይበቃው ተማሪ፣ ማታ ማታ ስልኩን ከፍቶ «እኔስ አንድ ነገር ብሸጥ ምናለበት?» ብሎ ማሰቡ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። የሚያስነቅፈው አጀማመሩ ነው። በአንድ ሌሊት የቴሌግራም ቻናል ይከፍታል፤ ስሙን «ሁሉም በአንድ ቦታ» ወይም ይህን የመሰለ ነገር ይለዋል፤ በማግስቱ ጫማ፣ ሽቶ፣ የጭማቂ መፍጫ፣ የሕፃን ልብስና የስልክ ሽፋን ይለጥፍበታል። በሦስተኛው ወር ቻናሉ ጭር ይላል።

ይህን የምንናገረው ከሩቅ ሆነን አይተን አይደለም። እኛው ራሳችን ሠርተነዋል። ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በመጀመሪያው ዓመት አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን እንዲህ ያለ ሱቅ በስልክ ላይ ከፍተን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ድርሻውን ያመጣው ከታላቅ እኅቱ ተበድሮ ነው። እርስዋም የሰጠችው ያን ሰሞን ከደረሳት ዕቁብ ላይ ቆርሳ ሲሆን፣ ገንዘቡ የታሰበው ለቤት ኪራይ ነበር። እኛ ግን በሦስት ወር ውስጥ ከነትርፉ እንመልስልሻለን አልናት። ከሁሉ ይበልጥ የተማመንነው በስልክ ሽፋን ነበር፤ ስልክ ያልያዘ ሰው የለምና ገዢ አይጠፋም ብለን። ዳሩ ግን ሽፋን ለሁሉ ስልክ አይገጥምም። ገዢው መጥቶ «ለእንዲህ ዓይነቱ አላችሁ?» ሲለን፣ ያለን ሌላ፣ የሚፈለገው ሌላ ሆነ። እኛ የገዛንላቸው ስልኮች በአዲስ ሲተኩ ሽፋኖቹም አብረዋቸው አረጁ። ሁለት ካርቶን ሙሉ ሽፋን እስከ ዛሬ ከአንዳችን አልጋ ሥር አለ። የእኅታችንን ገንዘብ ከደመወዛችን እየቆረጥን ከፍለን ለመጨረስ ዐሥራ አራት ወር ፈጀብን። እርስዋ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችንም፤ እኛ ግን ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ወደ ቤቷ ለመሄድ እናፍር ነበር።

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የሚለው ተረት ለሸማች ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ለሻጭም መሆኑን የተረዳነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገሩ እንኳ ለአገራችን አዲስ አይደለም። መርካቶ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሸማ የፈለገ ወደ ሸማ ተራ ይሄዳል፤ በርበሬ የፈለገ ወደ በርበሬ ተራ፤ ያገለገለ ብረታ ብረት የሚያስስ ደግሞ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። በርበሬ ተራ የተቀመጠች እናት ዛላውን በመዳፏ ዘገን አድርጋ የማረቆ ይሁን የአላባ፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና ትናገራለች። ከጎኗ አያሌ በርበሬ ሻጮች ሳሉ ደንበኛዋ እርስዋኑ ፈልጎ የሚመጣው ለዚህ ነው። ያቺው እናት ነገ ጫማና ሽቶ ደርድራ ብትቀመጥ ግን ማንም ዞሮ አያያትም። ፈረንጆቹ «ኒሽ» እያሉ ብዙ መጻሕፍት የጻፉበት ነገር እኛ ተራ ከምንለው እምብዛም አይርቅም። ልዩነቱ የመርካቶው ተራ በቦታ የታጠረ ሲሆን የኢንተርኔቱ ተራ በፍላጎት የታጠረ መሆኑ ነው። አንድን ዕቃ የሚፈልጉ ሰዎች በአንዲት ከተማ ሦስት ብቻ ቢሆኑ፣ ለሦስት ሰው ሱቅ አይከፈትም። በመቶ ከተሞች ግን ሦስት መቶ ይሆናሉ፤ ስልክም ከሁሉም ጋር ያገናኛል። ጠባብ ገበያ የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ጠባብነቱ በራሱ በረከት ኖሮት አይደለም።

ከአራታችን መካከል ይህን አስቀድሞ ያስተዋለው ከሁላችንም ዝምተኛ የነበረው ጓደኛችን ነው። አባቱ በአንዲት የወረዳ ከተማ ልብስ ሰፊ ናቸው። እርሱም በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከአባቱ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ ክር ሲያስገባ ነው ያደገው። መርፌ በተሰበረ ጊዜ አባቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እስኪያገኙ ድረስ ቀናት ሥራ ፈትተው ይቀመጡ እንደ ነበረ ያጫውተናል። ሱቃችን ከፈረሰ በኋላ ለብቻው አንድ ቻናል ከፈተ፤ የሚሸጠውም የስፌት መኪና መርፌና ትንንሽ መለዋወጫ ብቻ ሆነ። እኛ ሳቅንበት። በመርፌ ማን ቤት ሠራ ብለን!

መርፌን ትንሽ ናት ብሎ የሚንቃት ሰው የልብስ ሰፊን ቤት አያውቅም። የተለመደው የቤት ስፌት መኪና መርፌ መኪናው ላይ የሚሰካው ወገኑ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራበት መኪና መርፌ ግን በአብዛኛው ዙሪያውን ድቡልቡል ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ውፍረቱም በቁጥር ይለያል። 14 ቁጥር የሚባለው መርፌ 90 ተብሎም ይጻፋል፤ ይኸውም ውፍረቱ 0.9 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ለስስ ጨርቅ 9 ወይም 11 ቁጥር፣ ለጂንስ ሱሪ 16 ወይም 18 ቁጥር ያስፈልጋል። ስሱን ጨርቅ በወፍራም መርፌ የሰፋ ጨርቁን ይበሳሳዋል፤ ጂንሱን በቀጭን መርፌ የሰፋ መርፌውን ይሰብራል። ጓደኛችን ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። ስለዚህም ከገዢው ጋር ሲነጋገር እንደ ሻጭ ሳይሆን እንደ ሰፊ ልጅ ነው። «የተሰበረውን መርፌ ከአንድ ብር ሳንቲም ጎን አድርገው፣ መኪናውንም ከነስሙ ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩልኝ» ይላል። ልኩ እርሱ ዘንድ ከሌለ «የለኝም» ብሎ የት እንደሚገኝ ይነግራል። በመጀመሪያው ወር የሸጠው ለሦስት ሰዎች ነው። ከሦስቱ አንዱ አዲስ ልብስ ሰፊዎችን የሚያስተምር ሰው ኖሮ ለተማሪዎቹ ተናገረለት።

ዕቃውም ቢሆን በብልሃት የተመረጠ ነው። መርፌ አይበላሽም፤ ሞዴሉ እንደ ስልክ በየዓመቱ አይለዋወጥም፤ መቶው ተጠቅልሎ በፖስታ ውስጥ ይገባል፤ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ለመላክም ብዙ ወጪ የለውም። ጓደኛችን ሀብታም ሆነ ብለን አንዋሽም። የቤት ኪራዩን ግን ከዚሁ ይከፍላል፤ ከእኛ አልጋ ሥር ካሉት ካርቶኖች ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዛሬ ዓለምን ያጥለቀለቁት ታላላቅ የኢንተርኔት ገበያዎችም አነሣሣቸው ከዚህ ብዙ አይለይም። አማዞን የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የሚሸጠው መጽሐፍ ብቻ ነበር። መሥራቹ ጄፍ ቤዞስ መጽሐፍን የመረጠው፣ የመጻሕፍት ዓይነት እጅግ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ሁሉንም ሊይዝ የሚችል አንድም የመንገድ ዳር ሱቅ እንደማይኖር ስላወቀ ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው ኋላ ኢቤይ የተባለውን የሐራጅ ገበያ አቋቋመ፤ በመጀመሪያ የተሸጠለትም ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን ዋጋው 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነበር። እንደሚነገረው ኦሚድያር ተገርሞ ለገዢው «ዕቃው የማይሠራ መሆኑን ተረድተዋል?» ብሎ ቢጽፍለት፣ «እኔ የተሰበሩ የሌዘር መጠቆሚያዎች እሰበስባለሁ» የሚል መልስ አገኘ። ነጋዴ ታሪኩን ማሳመር ይወዳልና ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጀማሪው ሊያስብበት ይገባል፤ ለተሰበረ ነገር እንኳ የራሱ ፈላጊ አለው።

እንግዲህ ተራውን እንዴት ይምረጥ? እኛ የምንመክረው አንድ ወር ሙሉ ምንም ዕቃ ሳይገዛ እንዲያዳምጥ ነው። ሰዎች በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ መሰባሰቢያ ደጋግመው የሚጠይቁት፣ መልስም የማያገኙበት ነገር ምንድን ነው? ከእነዚያስ ውስጥ እርሱ ራሱ ያደገበት ወይም የሠራበት የትኛው ነው? የንብ አናቢ ልጅ ስለ ቀፎ፣ የነርስ ልጅ ስለ አራስ ልብስ፣ ክራር የሚጫወት ተማሪ ስለ ክር ከሌላው የበለጠ ያውቃል። ይህን በእጁ ያለውን ዕውቀት ትቶ ጎረቤቱ አተረፈበት በሚባለው ዕቃ መሮጥ የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ከዚያም መቶ ሳይሆን ዐሥር ፍሬ ይግዛ። ዐሥሩን ለማያውቃቸው ሰዎች ሸጦ ከጨረሰ ተራው አለ ማለት ነው፤ ለአክስቱና ለክፍል ጓደኞቹ ብቻ ሸጦ ከሆነ ግን ገና አልተፈተነም፤ ዘመድ የሚገዛው ዕቃውን ሳይሆን ይሉኝታውን ነውና።

ወደ ውጭ አገር ልሽጥ ለሚለውም ያው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በአውሮፓ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች የፊደል ገበታ፣ የሐበሻ ልብስ ወይም ጀበና ይፈልጋሉ፤ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ዳሩ ግን ጀበና ሸክላ ነው። ከመሸጡ በፊት አንዱን ጠቅልሎ ለሚያውቁት ሰው ልኮ ሳይሰበር መድረሱን፣ የመላኪያውም ዋጋ ከጀበናው ዋጋ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ማየት ያሻል። የፊደል ገበታ ወረቀት ስለ ሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

በአማርኛ ለሚሸጥ ሰው ደግሞ ሌሎች የሌለባቸው አንድ ችግር አለ፤ እርሱም የአጻጻፋችን ነገር ነው። አንዱ «ፀጉር» ሲል ሌላው «ጸጉር» ይላል፤ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። መፈለጊያው መኪና ሁሉንም አንድ መሆናቸውን ሁልጊዜ አይረዳም። የስፌት መኪናም ለአንዱ «የልብስ ስፌት ማሽን»፣ ለሌላው በቀጥታ «ሲንጀር» ነው። ጓደኛችን አንዲት ደብተር ይዞ ገዢዎች የሚጠሩበትን ስም እንደ ተናገሩት ይጽፍ ነበር፤ ማስታወቂያውንም ሲያወጣ በእነዚያው ቃላት ያወጣዋል። እኛ የተማርን ነን ባዮች ግን ለጽሑፋችን ማማር ስንጨነቅ ገዢው በማይፈልግበት ስም ስንጣራ ከርመናል።

አሁን ወደሚያናድደን ነገር እንግባ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት ልማድ ማን እንዳመጣው አናውቅም፤ የብዙ ጀማሪዎችን ንግድ ግን እርሱ ገድሎታል። ዋጋውን የሚደብቅ ሻጭ ለገዢው የሚነግረው አንድ ነገር ነው፤ «ፊትህን አይቼ አስከፍልሃለሁ» ማለት ነው። በመርካቶ እንኳ ደንበኛው ዕቃውን ዳስሶ፣ ሻጩን ዐይን ለዐይን አይቶ ነው የሚከራከረው። በስልክ የሚገዛ ሰው ግን አይዳስስም፤ ከሚያምንባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ በግልጽ የተጻፈ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ፎቶግራፉ ነው። ከሌላ አገር ድረ ገጽ የተወሰደ የሚያብረቀርቅ ሥዕል ለጥፎ የደበዘዘ ዕቃ የሚልክ ሰው፣ አንድ ጊዜ ይሸጥ ይሆናል፤ ያ የተታለለው ሰው ግን ለሃያ ሰው ይናገራል። በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን የተነሣ፣ ጭረቱ ሳይቀር የሚታይበት የዕቃው የራሱ ፎቶግራፍ ይበልጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዕቃው ለሸማቹ ትክክለኛ መረጃ እንዲሰጥ የሚያዝ እንደ መሆኑ መጠን፣ ይህ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው።

ሒሳቡን በሚመለከት አጭር ምሳሌ እንስጥ። አንድ ዕቃ በ100 ብር ተገዝቶ በ150 ብር ቢሸጥ ጀማሪው 50 ብር አተረፍሁ ይላል። ከመርካቶ ለማምጣት 10 ብር፣ ለመጠቅለያ 5 ብር፣ ለማድረሻ 20 ብር ቢያወጣ ግን የቀረው 15 ብር ነው። ከዐሥር ዕቃ አንዱ ተመልሶ ቢመጣበትና መልሶ የማይሸጥ ቢሆን፣ ያ አንዱ ከሌሎቹ ዘጠኝ ያገኘውን 135 ብር ይበላዋል፤ መግዣውና ወጪው በድምሩ 135 ብር ነበርና። ዐሥር ቀን ደክሞ ባዶ እጁን ይቀራል። እኛ ይህን ሒሳብ የሠራነው ከከሰርን በኋላ ሲሆን፣ ከመካከላችን አንዱ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ እንደ ነበረው ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም።

ሌላው፣ ቻናሉ የጀማሪው ርስት አለመሆኑ ነው። በሰው ግቢ ውስጥ የተተከለ ድንኳን ነው፤ ባለግቢው ሲፈልግ ደንቡን ይለውጣል። በውጭ አገር የአማዞንን ዕቃ በድረ ገጻቸው እያስተዋወቁ ኮሚሲዮን የሚያገኙ አያሌ ሰዎች ነበሩ፤ በፈረንጆች ሚያዝያ 2020 ዓ.ም. ኩባንያው የቤት ዕቃዎችን ኮሚሲዮን ከ8 በመቶ ወደ 3 በመቶ ዝቅ ሲያደርገው፣ ሥራቸውን በዚሁ ላይ ብቻ የመሠረቱት ገቢያቸው ከግማሽ በላይ ተቆረጠ። በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት እንደ ልብ በማይገኙበት ጊዜ፣ የደንበኞቻቸውን የስልክ ቁጥር ያልያዙ ሻጮች ማንን እንደሚጠሩ አጥተው ነበር። ጓደኛችን ያቺ ደብተር ጠቀመችው። ፈቅደው ቁጥራቸውን ለሰጡት ሰፊዎች እየደወለ መርፌውን በአውቶቡስ መላኩን ቀጠለ፤ ክፍያውም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ላይ በዋለው በቴሌብር ይደርሰው ነበር።

በመሥሪያ ቤት ላሉ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ነገር ለብቻው እንንገራቸው። ንግዱ ንግድ ነውና ፈቃድ ይጠይቃል፤ ነገሩን የሚገዛው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 በ2008 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ተጨምሮበታል። «በስልክ የሚሸጥ አይታይም» ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ በጠረጴዛ ሥር ለደንበኛ መልስ የሚጽፍ ጸሐፊ አይተናል፤ ባለጉዳዩም አይቶታል። ለዚህ ሥራ የተፈቀደለት ሰዓት ከሥራ መልስ ያለው ነው። ያም ቢሆን በቀን አንድ ሰዓት፣ ለዓመት ያህል፣ ሳያቋርጥ የሚሠራ ይበልጣል እንጂ አንድ ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚተወው አይበልጥም።

ከሁሉ የምንፈራላቸው ግን የኮርስ ሻጮችን ነው። «በ30 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ሀብታም ትሆናለህ፤ ምሥጢሩን በዚህን ያህል ብር እነግርሃለሁ» የሚለው ማስታወቂያ በየስልኩ ሞልቷል። ከዚህ ሰው ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ ትምህርቱን ከመሸጥ በቀር የሚሸጠው ሌላ ዕቃ አለው ወይ? የሌለው እንደ ሆነ፣ ተራው የጀማሪዎች ተራ ነው፤ ዕቃውም ጀማሪው ራሱ ነው። እኛም ሱቁን ስንከፍት ከእንዲህ ያለው ሰው የሁለት ቀን ትምህርት ገዝተን ነበር፤ «የስልክ ሽፋን ሽጡ» ያለን እርሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ ጓደኛችን ዘንድ ተቀምጠን ሳለ አባቱ ከአገር ቤት ደወሉ። 16 ቁጥር መርፌ ዐሥር ፍሬ ፈልገው ኖሯል።

«በነገው አውቶቡስ እልክልዎታለሁ አባባ» አላቸው።

«ዋጋውን ንገረኝ» አሉ።

«ኧረ ይተዉት፣ ምን ዋጋ አለው?»

«እንደሌላው ሰው አስከፍለኝ ልጄ፤ አምስቱ የጎረቤቴ ነው፤ እርሱም ወደፊት ራሱ እንዲያዝዝህ ቁጥርህን ሰጥቸዋለሁ።»